ረጅሙ ሌንስና የአጎቴ በሬዎች

ሰውን በደንብ ለማየት ምን ያህል መቅረብ ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ እኛ አገር ለማንም ብታቀርቡ፣ ሰውየው መልሱን ከመስጠቱ በፊት ወንበሩን ወደ እናንተ ይጎትታል። መራቅ አይሆንልንም። ሰላምታችን ትከሻ ይፈልጋል፤ ሐሜታችን ጆሮ ይፈልጋል፤ ሐዘናችንማ ጎን ለጎን ተጣብቆ መቀመጥ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ቁይ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ወደድንም ጠላንም የማናውቀው ሰው ክርን ጎድናችንን ተደግፎ ይሄዳል፤ ስንወርድ ቤተሰብ ሆነን ነው። ታዲያ እንዲህ ተጠጋግተን ስንኖር አንዳችን የሌላችንን ፊት አይተነው እናውቃለን? እኔ አናውቅም ባይ ነኝ። ይህን የምለው ተፈላስፌ እንዳይመስላችሁ። ካሜራ ገዝቼ ነው።

ካሜራውን የገዛሁት ባሕር ዳር ከነበረ፣ ሥራውን ከተወ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው። አርባን የተሻገረች መምህርት ካሜራ ምን ያደርግላታል ትሉ ይሆናል። ባልደረቦቼም ይህንኑ ብለውኛል። ሰውየው አጭሩን ሌንስ አስቀድሞ ለሌላ ሸጦት ኖሮ ለእኔ የደረሰኝ ረጅሙ ብቻ ሆነ፤ ሲዘረጋ ክንድ የሚያህል፣ ማዶ ገደል ላይ የቆመች ፍየል ጢሟን ሳይቀር ጎትቶ የሚያመጣ ዙም። በዚያ ላይ የካሜራዬ ሴንሰር፣ ማለትም ሌንሱ ያየውን ተቀብሎ ሥዕል የሚያደርገው የውስጡ ገበታ፣ ከትልልቆቹ ካሜራዎች ያነሰ ነው። ትንሽ በመሆኑ ዳር ዳሩን ይተውና መሐሉን ብቻ ይወስዳል፤ መሐሉን ብቻ ሲወስድ ድሮም ረጅም የነበረው ሌንስ ጭራሽ ይረዝማል። ነገሩ ሰፊ በር ገርበብ አድርጎ በስንጥቁ እንደማየት ነው፤ የሚታየው ነገር ያንሳል፤ ያችኑ ያነሰችውን ግን ትኩር ብለን እናያታለን። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? አንድን ሰው ከደረቱ በላይ ፎቶ ላንሳ ካልኩ ከፊቱ ተነስቼ መሄድ አለብኝ። መሄድ ስል መሄድ ነው። ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ለማንሳት ግድግዳ አፍርሼ ጎረቤት ሳሎን መግባት ይኖርብኛል።

ግን ደግሞ ጉድ አለው። በስልክ ስንነሳ ስልኩ አፍንጫችን ሥር ስለሚገባ ከፊታችን ሁሉ ቀድሞ ያገኘው አፍንጫችንን ነውና እሱኑ አግንኖ፣ ጆሯችንን ወደ ኋላ ወርውሮ ያወጣናል። ከሩቅ ቆሞ በረጅም ሌንስ ያነሱት ፊት ግን ሁሉም ነገሩ በየቦታው ይቀመጣል። አፍንጫ አፍንጫ ያክላል፤ ጉንጭ ጉንጭ ያክላል። ከኋላ ያለው ዓለም ደግሞ እንደ ቅቤ ይቀልጥና ፊቱ ብቻ ፍንትው ብሎ ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳሁት የትምህርት ቤታችንን ዘበኛ ነበር። ፎቶውን ሳሳያቸው ትኩር ብለው አዩና፣ «ይህን ሰውዬ ወጣት ሳለ አውቀው ነበር» አሉኝ። ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ምሳዬን ረሳሁ።

ወሬው ቁይ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ከቁይ ወጣ ብሎ የሚኖረው አጎቴ ቢተው አንዲት ልጅ አለችው፤ የዝባለም ትባላለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ሠላሳን አልፋለች፤ ሳቋ ከሩቅ ይሰማል፤ ሥራዋን ታውቃለች። ደብረ ማርቆስ ለሥልጠና መጥታ እኔ ቤት ባረፈች ጊዜ አንዷለም ከሚባል የመርጡለ ማርያም መምህር ጋር ተዋውቃ፣ ሥልጠናው ሲያልቅ ትውውቁ ሳያልቅ ቀርቷል። ልጁ ሽማግሌ ሊልክ ቆርጧል። ግን እናት አለችው። እናቱ፣ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘች፣ ቃሏ የማይታለፍ ሴት ናት አሉ። እሷ ደግሞ፣ «ሽማግሌ ከመሄዱ በፊት የልጅቷን ፎቶ ልየው» ብላለች። ካልወደደችው ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

የዝባለም ደወለችልኝ። «እታለም፣ ሞቻለሁ» አለች። «አፍንጫዬን ታውቂው የለ? በስልክ ስነሳ እኮ እሱ ገብቶ እኔ ውጭ እቀራለሁ። ያንን የሚያርቀውን ካሜራሽን ይዘሽ ድረሽልኝ።»

ቅዳሜ ማለዳ ደረስኩ። አጎቴ ቀድሞኝ ተዘጋጅቷል። ግቢው ተጠርጓል፤ አዲሱ የቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል፤ ከቤቱ ጎን ደግሞ በሬዎች፣ ታጥበው፣ ቀንዳቸው ተወልውሎ፣ ለሰልፍ እንደወጣ ተማሪ በተርታ ቆመዋል። አጎቴ ይህን ያህል በሬ እንዳለው አላውቅም ነበር። ቢሆንም እኔ ከተሜ ነኝ፤ እግዜር ሰጥቶት ተራብተው ይሆናል ብዬ አለፍኩ። በሬ እንደማይራባ ትዝ ያለኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

«እንግዲህ ልጄ» አለኝ አጎቴ እጁን ዘርግቶ፣ «ልጅቷን እዚህ፣ ቤቱን እዚያ፣ እነዚህን ደግሞ ከኋላዋ። አንዱም እንዳይቀርብኝ!»

የዝባለምን በቤቱ ፊት አቆምኳትና ወደ ኋላ መራመድ ጀመርኩ። እኔ ስሄድ እሷ ተከተለችኝ። ቁሚ አልኳት፤ ቆመች። ትንሽ ስርቅ እንደገና መጣች።

«የዝባ፣ ለምን ትከተይኛለሽ?»

«አንቺ ለምን ትሸሺኛለሽ?»

ቁርጥ አድርጌ ቁሚ ብዬ፣ ፊቴን ወደ እሷ እንዳደረግሁ በጀርባዬ ከግቢው ወጣሁ። አሁን ደግሞ አጎቴ መጣ። እንግዳ ከደጅ ወጥቶ ቆሞ እሱ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ማየት ሊሆንለት አልቻለም፤ ቢያስረዱትም አይገባውም፤ ቢገባውም እግሩ እሺ አይለውም። «ግቢ እንጂ! ኧረ ግቢ በሞቴ!» እያለ ይጎትተኛል። እኔ፣ «ጋሼ፣ መራቅ አለብኝ» እላለሁ። እሱ፣ «ምን አስቀየምንሽ?» ይላል። በዚህ መካከል የዝባለም አባቷ ከሄደ ብላ እሷም ከኋላው መጥታለች። ሦስታችንም አጥር ውጭ ተገናኝተን ቆምን፤ ቤቱና በሬዎቹ ብቻቸውን ቀርተው ከሩቅ ያዩናል።

መላ የተገኘው የዝባለም በርጩማ ላይ ስትቀመጥ ነው። የተቀመጠ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይከተልም። አጎቴንም በሬዎቹን ጠብቅ ብዬ ሥራ ሰጠሁት። እኔ ሰብሉ የታጨደ ማሳ መሐል ገብቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ክርኔን ሆዴ ላይ ተክዬ አነጣጠርኩ። ዙሙ እንዲህ በረዘመ ጊዜ ትንፋሽ እንኳ ያነቃንቀዋል። ችግሩ በእኔና በእሷ መካከል መንገድ አለ፤ መንገድ ካለ ደግሞ ሰው አለ፤ ሰው ካለ ሰላምታ አለ። የሚያልፈው ሁሉ ከሌንሱ ፊት ይቆምና ስለ ጤናዬ፣ ስለ ደብረ ማርቆስ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ከብቱ ሁሉ ይጠይቀኛል። መልሼ ልጠይቅ ካሜራውን አወርዳለሁ። ሲሄድ አነሳለሁ። ሌላ ይመጣል። አንዲት ሴትዮ እኔንም ማሳውንም በየተራ አይታ፣ «ምን ጠፋብሽ? ላፋልግሽ?» ብላ አጎንብሳ መፈለግ ጀመረች።

በዚያ ላይ ትእዛዙ ሁሉ በጩኸት ነው። «የዝባ! አገጭሽን ዝቅ!» ስል፣ ሴትዮዋ አገጯን ዝቅ አደረገች። «ወደ ግራ ዞር!» ስል፣ ከማዶ በበሬ የሚያርስ ገበሬ ወደ ግራ ዞረ። «ፈገግ በይ!» ብዬ በጮህኩ ጊዜ ግን መንደሩ በሙሉ ሳቀ፤ የዝባለምም እዩልኝ ብላ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ያቺን ቅጽበት ያዝኳት። ካሜራዬ ቀጭ አለ። ማሳው መሐል ብቻዬን እስክስታ መምታት ነው የቀረኝ።

ፎቶውን ደብረ ማርቆስ አሳጠብኩት። ላሳያችሁ ብችል እንዴት ደስ ባለኝ። ዓይኗ ብሩህ፣ ጥርሷ ነጭ፣ አፍንጫዋ በልኩ፤ ሰው ሳያይ በልቧ የምትስቀውን ሳቅ ፊቷ ላይ አውጥቶታል። የዝባለም ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከዚያ እንደገና አየችው።

አጎቴም ተቀብሎ አየው። ወደ ብርሃን አዞረው። በጣቱ ጠረገው።

«በሬዎቹስ?»

«ከኋላዋ አሉ ጋሼ። ይኸው፣ ይህ ቡናማው።»

«ይህ? ይህ እኮ ጭቃ ነው!»

«ረጅም ሌንስ ስለሆነ ከኋላ ያለውን ያደበዝዘዋል።»

«ቆርቆሮዬስ?»

«ይህ ነጩ።»

«ጉም አደረግሽው!» አለና ተቀመጠ። «ደመና ውስጥ የተወለደች አስመሰልሽብኝ። የቢተው ልጅ ቤት የላት፣ ከብት የላት፤ ሰው ምን ይላል?» እንደገና አንሺ እንዳይለኝ ፎቶውን ወደ መርጡለ ማርያም የሚወስደው ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ፎቶው እንደዚያው፣ ከነጉሙ ሄደ። አጎቴ አኮረፈኝ።

እኔን ግን ያስጨነቀኝ የበሬው ነገር አልነበረም። እኔ እንቅልፍ ያጣሁት ለአፍንጫው ነው። ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው፤ ሕሊናዬ ከእኔ ቀድሞ ይነሳና ቀስቅሶኝ ይወቅሰኛል። የልጁ እናት ፎቶውን አይታ ብትወድ፣ ኋላ የዝባለምን በአካል ስታገኝ ደግሞ አፍንጫዋ ከፎቶው ቀድሞ ቢመጣ፣ አታላይዋ ማን ናት? እኔ ነኝ። በእርግጥ አልነካካሁትም፤ ራቅ ብዬ ቆምኩ እንጂ። ግን ራቅ ያልኩት ሆን ብዬ አይደለም ወይ? ዙሪያውን ስዞር ከርሜ መጨረሻ ላይ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

አባ ሁሉንም ታግሰው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ አፍንጫዋን ቆረጥሽው?» አሉኝ።

«ኧረ አባ! ወደ ኋላ ብቻ ነው የሄድኩት።»

«ታዲያ ወደ ኋላ መሄድ መቼ ኃጢአት ሆነ? ሰው አፍንጫ ሥር መግባት ነው እንጂ ነውሩ።» መስቀላቸውን አሳለሙኝና ልሄድ ስል መልሰው ጠሩኝ። «ለማንኛውም ጥቂት ስገጂ። በካሜራው ባይሆን በሌላ አይጠፋም።»

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ ተሰማ። እናትየዋ ፎቶውን ወዳዋለች ማለት ነው። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። እንደ ደንቡ የሚመጡት ወንዶች ናቸው፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ቁይ ገበያ የመጣች መስላ፣ ዘንቢል እንኳ ሳትይዝ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር አብራ ገባች። ማንም ለምን መጣሽ አላላትም። ሊላት የሚችልም አልነበረም። የዝባለም ከመጋረጃው በስተጀርባ ናት፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

የሚባለው ሁሉ ከተባለ በኋላ እትዬ ማንጠግቦሽ ከነጠላዋ ሥር ፎቶውን አወጣች። «አቶ ቢተው» አለች፣ «እኔን እዚህ ድረስ ያመጣኝ ይህ ፎቶ ነው። ለትልቁ ልጄ ሚስት ስንፈልግ አንድ ፎቶ መጥቶልን ነበር። ልጅቷ መሐል፣ ከኋላዋ በሬ፣ በሬ፣ በሬ! እኛም አምነን ዳርን። ታዲያ የሰርጉ ድንኳን ሳይነቀል በሬዎቹ ሁሉ ወደየባለቤታቸው ሄዱ። የተበደሩት ነበር ለካ! ያን ጊዜ ምያለሁ፤ በሬ የተደረደረበት ፎቶ ቤቴ አይገባም ብዬ። እርስዎ ግን ይኸው፣ አንድ በሬ እንኳ አላሳዩም። ቤትዎንም አላሳዩም። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው አለ አልኩ።»

አጎቴ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ካኮረፈኝ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። ጋቢውን አስተካከለና፣ «እኛ እንግዲህ መታየት አንወድም» አለ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ነገሩ አልቋል። የዝባለም ከመጋረጃው ኋላ እፎይ ስትል ሰምቻለሁ። ግን ያቺ ማለዳ የምትነሳው ሕሊናዬ ተነሳች። ይህች ሴት አንዴ ተታልላለች፤ አሁን ደግሞ በእኔ ሌንስ ልትታለል ነው። አፌ ሳላዘው ተከፈተ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሬዎቹ ነበሩ። ከኋላዋ ተደርድረው ነበር። የእኔ ካሜራ ነው ያደበዘዛቸው።»

ከመጋረጃው ኋላ የድስት ክዳን ወደቀና ለረጅም ጊዜ ተሽከረከረ። ሽማግሌዎቹ በየተራ ማሳል ጀመሩ። እትዬ ማንጠግቦሽ ፎቶውን አስጠግታ አየችው፤ ፊቷ እየጠቆረ መጣ። «በሬ ነበር?» አለች ወደ አጎቴ ዞራ።

አጎቴ፣ ያ አንዱም እንዳይቀርብኝ ያለው አጎቴ፣ ሳያፍር፣ «የምን በሬ?» አለ።

ልክ በዚያች ሰዓት ከጓሮ አንዱ እምቧ አለ።

ይህን እምቧታ እድሜ ልኬን አልረሳውም። እንደ ምስክር ነው ገብቶ የተናገረው። አንደኛው ሽማግሌ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አጎቴ ወደ ጓሮ አየ፤ ወደ መጋረጃው አየ፤ ከዚያ የእጁን መዳፍ ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ተነፈሰ።

«እንግዲህ እውነቱን ልናገር። እሱ የኔ ነው፤ የሚጮኸው። አንድ ደግሞ አለኝ፤ ያ አርጅቷል፤ ለእርሻ እንጂ ለፎቶ አይሆንም። የቀሩት የጎረቤት ነበሩ። ለዚያች ቀን ብዬ ነው ያስመጣኋቸው። ቆርቆሮው ግን የኔ ነው።»

እኔ አፌ ተከፍቶ ቀረ። ለካ እኔ ስለ አንዲት አፍንጫ ስሰግድ ስከርም፣ አጎቴ የሰፈሩን ከብት ሁሉ ሰብስቦ ነበር! ለካ ያ ረጅም ሌንስ በዚያ ቀን በዚያ ግቢ ከነበርነው ሁሉ ሐቀኛው እሱ ነበር፤ የሰው የሆነውን አላይም ብሎ አልፎታል።

እትዬ ማንጠግቦሽ ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። መጋረጃው እንኳ ትንፋሹን የያዘ መሰለ። ከዚያ ሆዷ ላይ የሆነ ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ወደ ደረቷ ወጣ፤ ወደ ጉሮሮዋ ወጣና ሳቅ ሆነ። ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ሁለት ያለው ሰው ሁለት አለኝ ሲል ዛሬ ገና ሰማሁ!» አለች። «ያውም አንዱ ያረጀ! አቶ ቢተው፣ የቀደሙት አማቾቼ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ በሬዎቹ ታመው ነው የሄዱት ይሉኛል። በሉ ልጅቷን ጥሯት።»

የዝባለም ወጣች። አፍንጫዋም አብሯት ወጣ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ሁለቱ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ጉንጯን እያገላበጠች ትስማለች፤ በዚያ ቅርበት ማንም የማንንም አፍንጫ የሚያይበት መንገድ የለም።

ይሁንና እኔ ምን ሲደረግ ልተኛ? ሽማግሌዎቹ ሲወጡ በር ላይ ያዝኳት። «እትዬ፣ እንደው ፎቶውና ፊቷ... ልዩነት አላገኙበትም?»

እትዬ ማንጠግቦሽ ፊት የሚባል ነገር መኖሩ ገና የተነገራት ይመስል ዞራ አየችኝ። «ፊቷን?» አለች። «ፊቷንማ ልጄ አይቶት የለ? እኔ ከኋላዋ ያለውን ነው ያየሁት።»

ትንፋሼን ይዤ፣ ክርኔን ተክዬ፣ መንደር አስቄ ያመጣሁት ፊት! ማሳው መሐል ልጨፍርለት የነበረው! ለጊዜው ከፍቶኝ ነበር። ወዲያው ግን አንድ ነገር ከውስጤ ገፍቶ መጣና እኔም እንደ እሷ እስከ ዕንባዬ ሳቅኩ፤ ሚኒባሱ ውስጥም ሳልጨርስ፣ አጠገቤ የተጣበቀው ሰውዬ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮኝ እየሳቀ ደብረ ማርቆስ ገባን።

ሰርጉ ተደርጓል፤ ተጋብተው ይኖራሉ። ለእኔ ግን ነገሩ እዚያ ላይ አላበቃም። ወሬው ዞሮ ዞሮ፣ ከብት የሚያሳይ ፎቶ የዕብለኛ ነው፣ ጀርባው የደበዘዘ ፎቶ የጨዋ ነው ተባለና ቁይ በሄድኩ ቁጥር ሰው ይሰበሰብብኝ ጀመር። ሁሉም ጉሙን ይፈልጋል። ሀብታሙም ጉም፣ ድሀውም ጉም። ከጉሙ ኋላ ምን እንዳለ እንግዲህ ፈጣሪና ጎረቤት ያውቃሉ። በቀደም አንድ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ እንደገና ለማግባት አስበዋልና አንሺኝ አሉኝ። አንድ የተንጋደደ አጥር ተደግፈው ቆሙልኝ። አነጣጥሬ አየሁና ሕሊናዬ አላስችል አለኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው ከማሳው መሐል እየጮህኩ፣ «ከኋላዎ እኮ ምንም የለም!»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ እሳቸውም እየጮሁ፣ «በሬ እንዳለበት አድርገሽ አደብዝዢልኝ!»